ከመተግበሪያው በፊት ሠርቶ ማሳያ፦ የቤት ለቤት ሙያ አገልግሎት በላሊበላና በላስታ እንዴት ቢጀመር ይበጃል?

በላሊበላ ከተማ የአንድ ቤት የውኃ ቧንቧ ሲፈነዳ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነው። ጎረቤቱ የሚያውቀው ሠራተኛ ስልኩን ካላነሳ ወደ ሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ይኬዳል፤ ባለሱቁም የሌላ ሰው ቁጥር ይሰጣል። ያም ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ከሆነ ቀኑ ይመሻል፣ ውኃውም ይፈሳል። በዚያው ሰዓት፣ ከዚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት የሚጠራው አጥቶ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይውላል። ፈላጊና ተፈላጊ በአንድ ከተማ እየኖሩ አይገናኙም።

ይህን ክፍተት በስልክ መተግበሪያ ለመሙላት የተነሡ ጀማሪ ድርጅቶች በአገራችን አሉ። በአዲስ አበባ ጉዳይ ኦን እና ታስክሞቢ የተባሉት ዲጂታል መድረኮች የቧንቧ ሠራተኛን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያን፣ የጽዳት ሠራተኛንና ሌሎች የቤት ለቤት ሙያተኞችን ከደንበኛ ጋር የማገናኘት ሥራ ይዘው ብቅ ብለዋል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በይፋ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደግሞ የሶፍትዌር ዕውቀትን ከዋና ከተማ ውጭ ላለውም ወጣት ለማዳረስ ታስቦ የተነደፈ ነው። የላስታ ወጣቶችም ተሰባስበው «እኛም የራሳችንን እንሥራ» የሚሉበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

ያ ቀን ሲመጣ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ምን መምሰል አለበት? የአዲስ አበባውን መተግበሪያ ገልብጦ ማምጣት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሌሎች ልምድም ሆነ የአካባቢው ኑሮ የሚያመለክተው ሌላ መንገድ ነው። በላስታ መጀመሪያ ሊነደፍ የሚገባው መተማመን ነው፤ የስልኩ ገጽ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሥራ የፈታ ሙያ

ላሊበላ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ብዙ ነዋሪዎቿ ኑሯቸውን የመሠረቱት በሆቴል፣ በአስጎብኚነት፣ በእደ ጥበብና በትራንስፖርት ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ ገባ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር ደግሞ ማገገም የጀመረውን ገበያ መልሶ አቀዘቀዘው።

እንግዳው ሲጠፋ ግን ሙያው አብሮ አልጠፋም። በሆቴሎች ውስጥ ለዓመታት የሠሩ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጠጋኞች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ወጥ ሠሪዎችና አትክልተኞች ዛሬም በከተማዋ አሉ። የጠፋው የሚያሠራቸው ተቋም ነው። ሆቴሉ ሥራ ሲያገኝላቸው፣ ዋጋ ሲወስንላቸውና ለሥራቸው ጥራት ኃላፊነት ሲወስድላቸው ኖሯል። አሁን እያንዳንዱ ለየራሱ ቀርቷል።

በገጠሩም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የላስታ አርሶ አደር በድንጋይ ሥራ የታወቀ ነው፤ ባለ ሁለት ደረጃ ክብ የድንጋይ ቤቶቹ ለዚህ ምስክር ናቸው። እርከን የሚሠራ እጅ አጥርም፣ ግንብም፣ የቤት መሠረትም ይሠራል። መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ በሆነበት ደጋ፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙ ወጣት ወደ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ የሚፈልግበት ነው። በከተማው የሚያውቀው ሰው ከሌለ ግን ግንበኛነቱ ይቀርና በቀን ሠራተኛ ዋጋ ድንጋይ ያቀብላል። በሙያውና በሚከፈለው መካከል ያለው ልዩነት የመተዋወቅ ዋጋ ነው። ይህን ልዩነት ወደ ባለሙያው ኪስ መመለስ የቻለ መድረክ ለላስታ ጠቀመ ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ራሱ ከወሰደው ግን ደላላው ስም ቀየረ እንጂ አልተነሣም።

ናሙና ማለት ሠርቶ ማሳያ ነው

ሶፍትዌር ሠሪዎች «ፕሮቶታይፕ» የሚሉትን ነገር የገጠር አንባቢ በሌላ ስም ያውቀዋል። በግብርና ኮሌጅ ስንማር ቀድሞ የተነገረን፣ አዲስ የስንዴ ዝርያ በአንድ ጊዜ በሙሉ ማሳ ላይ እንደማይዘራ ነው። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በአንድ ፈቃደኛ ገበሬ ማሳ ጥግ ላይ ሠርቶ ማሳያ ይዘጋጃል። ጎረቤት መጥቶ ያያል፣ ይነቅፋል፣ ያመሰግናል። ዝርያው ውርጭ ካልቻለ ጉዳቱ በጥቂት ካሬ ሜትር ላይ ይቀራል። ናሙና ማለት በትንሽ ወጪ ስሕተትን ቀድሞ ማግኘት ነው።

የዲጂታል መድረክ ናሙናም በሦስት ደረጃ ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው በወረቀት ነው። በስልኩ ላይ ይታያሉ የተባሉት ገጾች በወረቀት ይሳሉና ለአንዲት የቤት እመቤት፣ ለአንድ የሆቴል ባለቤት፣ ለአንድ አርሶ አደር ይሰጣሉ፤ «ቧንቧ ሠራተኛ ለመጥራት የትኛውን ይነካሉ?» ተብለው ይጠየቃሉ። ጣታቸው የሚያመነታበት ቦታ ሁሉ የንድፉ ጉድለት ነው። ወረቀት መቅደድ ዋጋ የለውም፤ ተሠርቶ ያለቀ ሶፍትዌር ማፍረስ ግን ወራትና ገንዘብ ይበላል።

ሁለተኛው ደረጃ ከበስተ ጀርባው ሰው የሚሠራበት ነው። አንድ የስልክ ቁጥር፣ አንድ መዝገብ፣ ስልኩን የሚያነሱ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች በቂ ናቸው። ደንበኛው ይደውላል፤ ስልክ ተቀባይዋ መዝገቡን አይታ ባለሙያውን ትጠራለች። ሶፍትዌር ወደፊት ሊሠራው የታሰበውን ሁሉ ለጊዜው እሷ በእጇ ትሠራዋለች። በሦስት ወር ውስጥ ከዚያ መዝገብ የሚገኘው ዕውቀት፣ ማለትም ብዙ የሚፈለገው ሙያ የትኛው እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ብር፣ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። ሦስተኛው ደረጃ፣ ሶፍትዌሩ፣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሌሎች የተገኘ ትምህርት

ይህ አካሄድ በአገራችን ተሞክሯል። ዛሬ በመተግበሪያው የሚታወቀው ራይድ፣ በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ሀይብሪድ ዲዛይንስ ያመጣው የታክሲ አገልግሎት፣ ጉዞውን የጀመረው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። ኋላም መተግበሪያ የሌለው ደንበኛ 8294 ደውሎ መኪና የሚጠራበትን መንገድ ከፈተ። ዘመናዊ ስልክ ያልያዘ ሰው ደንበኛ ከመሆን እንዳይቀር ተደረገ ማለት ነው።

ለአርሶ አደሩ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ 8028 ነው። በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አስተባባሪነት በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ነጻ የስልክ መስመር የግብርና ምክርን በድምፅ ያደርሳል። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ የሚፈልገውን ሰብልና ርእስ ይመርጣል፤ ማንበብና መጻፍ አይጠየቅም፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። መስመሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥሪዎችን አስተናግዷል። ገበሬው ቴክኖሎጂ ይፈራል የሚለውን አባባል ይህ ይሽረዋል። በቋንቋውና በያዘው ስልክ ከመጣለት ይጠቀምበታል።

ከውጭ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። በአሜሪካ ሆምጆይ የተባለው የቤት ጽዳት መድረክ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠራ ደንበኛ ዋጋውን በጣም ዝቅ አድርጎ ብዙ ሰው ሰበሰበ፤ ብዙዎቹ ግን አልተመለሱም። ከወደዱት ሠራተኛ ጋር ስልክ ተለዋውጠው በቀጥታ መገናኘት የመረጡም ነበሩ። ሠራተኞቹ ተቀጣሪ ናቸው ወይስ የግል ባለሙያ የሚለው የፍርድ ቤት ክርክርም ተጨመረበት።

በሕንድ ኧርባን ካምፓኒ በዘርፉ ከታላላቆቹ አንዱ ሆኗል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ጥቅምት ወር በድርጅቱ የሚሠሩ የውበት ባለሙያ ሴቶች ዴልሂ አጠገብ በምትገኘው ጉሩግራም በድርጅቱ ቢሮ ደጃፍ ተሰብስበው ከገቢያቸው የሚቆረጠው ኮሚሽን በዝቷል ብለው አቤት አሉ። ድርጅቱም ኮሚሽኑን መቀነስን የጨመረ ማሻሻያ ለማስታወቅ ተገደደ።

የሁለቱ ታሪክ በላሊበላ ገበያ ሲሰላ ይህን ይመስላል። የአንድ ቧንቧ ጥገና ዋጋ 500 ብር፣ የመድረኩ ድርሻ ከመቶ 20 ነው እንበል። ባለሙያው 100 ብር ይቆረጥበታል። በሁለተኛው ጥሪ ደንበኛውና ባለሙያው ስልክ ስላላቸው 100ውን ብር ይካፈሉትና መድረኩን ይረሱታል። ሰው ከሰው በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ ይህን መከልከል አይቻልም። ስለዚህ መድረኩ የሚኖረው በመጀመሪያው ማስተዋወቅ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚሰጠው ጥቅም ነው። ሥራው በሳምንት ውስጥ ከተበላሸ ያለ ክፍያ የሚጠግን ሌላ ባለሙያ መላክ፣ ለጀማሪው ውድ መሣሪያ በኪራይ ማቅረብ፣ ለታመመው እንደ እድር መረዳጃ ማቋቋም ከዚህ ይቆጠራሉ። ክፍያውም ከእያንዳንዱ ሥራ በመቶኛ ከሚቆረጥ ይልቅ ትንሽ ወርኃዊ መዋጮ ቢሆን ከአካባቢው ልማድ ጋር ይስማማል።

ለላስታ የሚስማማው ናሙና

ናሙናው ሲነደፍ ከሁሉ አስቀድሞ ኢንተርኔት ሊቋረጥ እንደሚችል መታሰብ አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ መድረክ ቢኖር ኖሮ በማግሥቱ በተዘጋ ነበር። ድምፅና አጭር መልእክት ዋናው በር፣ መተግበሪያው ተጨማሪ መስኮት ሊሆኑ ይገባል። መዝገቡም በወረቀት ቅጂ ይኑረው። ለክፍያ ቴሌብር በተራ ስልክ *127# በመደወል የሚሠራ በመሆኑ ዘመናዊ ስልክ ግዴታ አይሆንም። ጥሬ ገንዘብ የሚመርጥም አይከለከል።

ሁለተኛው ጉዳይ አድራሻ ነው። ካርታ ላይ ነጥብ መጫን ለላሊበላ ነዋሪ እንግዳ ነገር ነው፤ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው «ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ»፣ «ከገበያው በታች» እያለ ነው። በገጠር ደግሞ ቀበሌውና ጎጡ ይጠቀሳሉ። ናሙናው ይህን አነጋገር እንዳለ መቀበል አለበት። ርቀቱ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የባጃጅ ዋጋ ካለም ማን እንደሚከፍል ከመነሣት በፊት ይነገር። ከሥራው በኋላ የሚነሣ የመንገድ ሒሳብ ጠብ ይወልዳል።

ሦስተኛው የባለሙያው ማንነት ነው። የማይታወቅን ሰው ወደ ቤት ማስገባት ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ልብስ ለማጠብ ወይም እንጀራ ለመጋገር ወደማታውቀው ቤት የምትሄድ ሴትም ደኅንነቷ ሊጠበቅ ይገባል። ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለ፤ ተያዥ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ሰውዬው እሱ መሆኑን ያረጋግጣል፣ የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት ችሎታውን ይናገራል፣ ጠባዩን ግን የሚመሰክረው የሚያውቀው ሰው ነው። ናሙናው ሦስቱንም ቢጠይቅ መልካም ነው። ደንበኛውም ቢሆን ይመዝገብ፤ ሠራተኛዋ የት ቤት እንደገባችና በስንት ሰዓት እንደወጣች ስልክ ተቀባይዋ ትወቅ።

አራተኛው የአገልግሎት ምዘና ነው። በውጭ አገር መተግበሪያ ደንበኛው ለሠራተኛው ከአምስት ኮከብ ይሰጣል። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። በእድር አብሮት የሚቀመጥን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያገኘውን ሰው በአደባባይ «ሁለት ኮከብ» የሚለው ጥቂት ነው፤ ሁሉም አምስት ይሰጥና ምዘናው ትርጉም ያጣል። የሚሻለው ስልክ ተቀባይዋ በማግሥቱ ደውላ ሦስት ነገር ብትጠይቅ ነው። በሰዓቱ መጣ? የተስማማችሁበትን ዋጋ ብቻ ተቀበለ? ደግመው ይጠሩታል? መልሱ በመዝገብ ይቀመጥ እንጂ አይለጠፍ። ቅሬታ ሲነሣም ሽማግሌ የሚዳኝበት መንገድ አስቀድሞ ይሰየም።

አምስተኛው የቀን መቁጠሪያ ነው። በደጋው ብዙ አርሶ አደር በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ29 በዓለ ወልድን ያከብራል። ከሌላ አገር የመጣ ሶፍትዌር በዚያ ቀን ሥራ አልቀበልም ያለውን ግንበኛ «ሰነፍ» ብሎ ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። በአጨዳ ወቅት የሚጠፋውንም እንዲሁ። የላስታ ናሙና በዓሉንና የግብርናውን ወቅት አውቆ መነሣት ይኖርበታል።

በመጨረሻም የገጠሩን ነዋሪ ሠራተኛ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እሱም ደንበኛ ነው። በጣሪያው ላይ የተከለው የፀሐይ ብርሃን መሣሪያ ይበላሻል፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ይቆማል፣ ስልኩ ይሰበራል። አንድን ባለሙያ ለአንድ አምፖል ብሎ ተራራ ማስወጣት አያዋጣም። ቅዳሜ ግን አርሶ አደሩ ራሱ ወደ ላሊበላ ገበያ ይወርዳል። መድረኩ በገበያው ቀን አንድ ጠረጴዛ ቢዘረጋ ምዝገባውም፣ ቀጠሮውም፣ የተበላሸውን ዕቃ መቀበሉም በአንድ ቦታ ያልቃል። ከአንድ ጎጥ ሦስት አራት ጥያቄ ሲሰበሰብ ደግሞ ባለሙያው በአንድ ጉዞ ሁሉንም ሠርቶ ይመለሳል።

ዋጋ የማይወጣላቸው

ወደ መዝገቡ ሊገቡ የማይገባቸው ሥራዎችም አሉ። ታኅሣሥ 29 ለገና በዓል ከየአቅጣጫው በእግሩ የሚመጣውን ምእመን ተቀብሎ እግሩን ማጠብ በላሊበላ የእንግዳ አቀባበል ወግ ነው። ደቦና ወንፈልም እንዲሁ ጉልበት በጉልበት የሚመለስባቸው፣ ደካማው የሚታገዝባቸው ማኅበራዊ ውሎች ናቸው። መድረኩ እነዚህን በብር መተመን ከጀመረ፣ ጎረቤቱ ሲጠራው «በስንት?» የሚል ትውልድ እንዳይፈጥር ያሰጋል። ንድፉ የሚጀምረው ቀድሞም በክፍያ ከሚሠራው ሥራ ነው፤ እዚያው መወሰኑም ይበጃል። በበዓሉ ሰሞን የሚያስፈልገው ተጨማሪ እንጀራ ጋጋሪ፣ ልብስ አጣቢና ውኃ አመላላሽ ግን በተገቢ ዋጋ ቢመዘገብ እንግዳውም ነዋሪውም ይጠቀማል።

ሕጉ ምን ይላል

ጀማሪዎቹ ሊያውቋቸው የሚገቡ አዋጆች አሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ግብይት የሕግ መሠረት ሰጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳን ሕጋዊ አድርጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የአንድን ቤተሰብ አድራሻ፣ ስልክና ማን መቼ ቤት እንደሚውል የያዘ መዝገብ እንደ ቤት ቁልፍ መጠበቅ አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል፤ የሥራ ሁኔታውን የሚወስን ደንብ እንዲያወጣም ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ሥልጣን ይሰጣል። በመሆኑም የቤት ሠራተኛ በአዋጁ የሚያገኘው ጥበቃ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ አይደለም። ይህ ለመድረኩ ባለቤቶች ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የወደቀውን ሠራተኛ ማን ያሳክማል? መልሱ ከአደጋው በፊት፣ በውሉ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሙከራው በምን ይመዘን

ሠርቶ ማሳያ የሚመዘነው በምርቱ ነው። የዚህ ናሙና ምርት ስንት ሰው መተግበሪያውን አወረደ በሚለው አይለካም። ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡ ተገልጦ ይጠየቅ። አንድ ጊዜ የጠሩ ደንበኞች ለሁለተኛ ጊዜ ጠርተዋል? ባለሙያው በወር የሚያገኘው ገቢ ከበፊቱ ጨመረ ወይስ ኮሚሽኑ በላው? ከተመዘገቡት ውስጥ ሴቶች ስንት ናቸው? ከገጠር ቀበሌ የመጣው ግንበኛ በግንበኛ ዋጋ ሠራ? መብራትና ኔትወርክ በጠፋበት ቀን አገልግሎቱ ቀጠለ?

መልሶቹ መልካም ከሆኑ ሶፍትዌሩን ማሠራት ያዋጣል፤ ምን መሥራት እንዳለበትም መዝገቡ ራሱ ይናገራል። መጥፎ ከሆኑ የከሰረው አንድ የስልክ መስመርና የሦስት ወር ልፋት ነው። የከተማው አስተዳደር፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና የብድር ተቋማት ሊያግዙ የሚችሉትም በዚህ ደረጃ ነው። ትልቅ ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት የስልክ መስመር፣ አንድ ክፍልና የተመዘኑ ባለሙያዎችን ዝርዝር ማቅረብ ይበቃል።

የፈነዳው ቧንቧ ባለቤትና መንገድ ዳር የተቀመጠው ወጣት እንዲገናኙ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሁለቱም የሚያምኑት፣ ሲደወልለት የሚያነሣ ሰው ነው። ያ ሰው ከመዝገቡ ጋር በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ አንድ ጠረጴዛ ይዞ ቢቀመጥ ሙከራው ተጀመረ ማለት ነው።